«አማራጭ ለጀርመን» የምሥራቁ ኮሚኒስት ፓርቲ ወራሽ ነውን?

ጥያቄ፦ «ላይፕሲሽ ውስጥ በአረጋውያን መጦሪያ የምሠራ ኢትዮጵያዊት ነኝ። የሥራ ባልደረቦቼ በምሥራቁ በኩል አማራጭ ለጀርመን የበረታው ሕዝቡ በኮሚኒስት ሥርዓት ስላደገ ነው ይላሉ። እንዲያውም የድሮው ገዢ ፓርቲ ስሙን ለውጦ የመጣ ነው የሚሉ አሉ። የሣራ ቫገንክኔሽት ፓርቲ ደግሞ ግራ ነው ይባላል፤ ስለ ስደተኛ ሲናገር ግን ከቀኞቹ አልለይ ይለኛል። ቪየናና ዙሪክ ያሉ ዘመዶቼም የእኛም አገር እንዲሁ ነው ይሉኛል። ማን ከማን መጣ? በሚመጣው ዓመት ዜግነት ሳገኝ በምን መዝኜ ልምረጥ?»

መልስ፦ በጀርመንኛ ምህጻሩ አኤፍዴ (AfD) የሚባለው ቀኝ ክንፍ ፓርቲ፣ አማራጭ ለጀርመን፣ የድሮው ኮሚኒስት ፓርቲ ወራሽ አይደለም። ጠያቂዋ በሰሙት ወሬ ውስጥ ሦስት የተለያዩ ጉዳዮች ተደባልቀዋል። አንዱ የትውልድ ሐረግ ነው፤ ፓርቲው ከየትኛው ድርጅት ወጣ፣ አባላቱንና ንብረቱን ከማን ተረከበ የሚለው ነው። ሁለተኛው የመራጩ ሕዝብ ማንነት ነው። ሦስተኛው ፖለቲካውን የሚያቀርብበት መንገድ ነው፤ አገሩን «ንጹሕ ሕዝብ» እና «ከሃዲ ልሂቃን» ብሎ ለሁለት የሚከፍል፣ እውነተኛው የሕዝብ ድምፅ እኔ ብቻ ነኝ የሚል ፓርቲ «ሕዝበኛ» ይባላል። «ድኅረ ኮሚኒስት» የሚለው ቃል የሚገልጸው የመጀመሪያውን፣ «ሕዝበኛ» የሚለው ደግሞ የሦስተኛውን ሲሆን፣ አንዱ ከሌላው የግድ አይከተልም። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

እውነተኛውን ወራሽ ለማግኘት ወደ ጀርመን ሶሻሊስት አንድነት ፓርቲ መመለስ ያስፈልጋል። ይህ ፓርቲ በ1946 በሶቪየት ጦር ይዞታ ሥር በነበረው ቀጠና ሶሻል ዴሞክራቶቹ ከኮሚኒስቶቹ ጋር በጫና እንዲዋሐዱ ተደርጎ የተመሠረተ ሲሆን፣ የበርሊን ግንብ በፈረሰበት በ1989 ወደ 2.3 ሚሊዮን የሚጠጉ አባላት ነበሩት። በዚያው ዓመት ማብቂያ በተጠራ ጉባኤ ላይ ፓርቲው ይፍረስ ወይስ ይቀጥል የሚል ክርክር ተነሣ። ቢፈርስ ንብረቱ ይበተናል፣ ሠራተኞቹም ሜዳ ላይ ይቀራሉ የሚለው ሐሳብ አሸነፈና ፓርቲው ቀጠለ፤ ግሪጎር ጊዚ የተባሉት ጠበቃ ሊቀ መንበር ሆኑ፤ ስሙም በ1990 መጀመሪያ የዴሞክራሲያዊ ሶሻሊዝም ፓርቲ ተባለ። አባላቱ በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ ከ300,000 በታች ወረዱ። በዚያው ዓመት የፓርቲው ሹማምንት 107 ሚሊዮን ማርክ ወደ ሞስኮ ሊያሸሹ ሲሉ መያዛቸው ደግሞ ለብዙ ዓመታት የተከተለው ጥላ ነበር።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ አካሄድ እንግዳ ሊመስል ይችላል። በ1984 የተመሠረተውና የምሥራቅ ጀርመኑ ፓርቲ የቅርብ ወዳጅ የነበረው ኢሠፓ በ1991 ከመንግሥቱ ጋር ፈርሶ ቀረ፤ ከዚያ ወዳጅነት ለዓይን የቀረው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አቅራቢያ የቆመው የካርል ማርክስ ሐውልት ነው፤ የምሥራቅ ጀርመን ስጦታ ነበር። በጀርመን ግን ገዢው ፓርቲ ሳይፈርስ ከሥልጣን ወርዶ በነጻ ምርጫ መወዳደር ጀመረ። «የድሮው ፓርቲ ስሙን ለውጦ መጣ» የሚለው አባባል መነሻው ይህ እውነት ነው፤ የተለጠፈው ግን በማይመለከተው ፓርቲ ላይ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ሌላ ነገርም አለ። በምሥራቅ ጀርመን ከገዢው ፓርቲ ጎን በአንድ ግንባር ተሰልፈው ለዐርባ ዓመታት እሺ ሲሉ የኖሩ አጃቢ ፓርቲዎች ነበሩ፤ እነርሱም በ1990 ወደ ምዕራቡ ክርስቲያን ዴሞክራት ኅብረትና ወደ ነጻ ዴሞክራቶቹ ገቡ። ስለዚህ የድሮው ሥርዓት ሰዎችና ንብረት የት ገቡ ብሎ በሐቅ የሚመረምር ሰው ከአንድ በላይ በር ማንኳኳት ይኖርበታል።

የዴሞክራሲያዊ ሶሻሊዝም ፓርቲ በሕይወት የቆየው በምርጫ ሕጉና በአካባቢው ሕዝብ ብሶት ነው። በጀርመን ወደ ፌዴራሉ ምክር ቤት ለመግባት በመላ አገሪቱ 5 ከመቶ ድምፅ ወይም ሦስት የምርጫ ክልሎችን በቀጥታ ማሸነፍ ያስፈልጋል። በ1990 ምሥራቁና ምዕራቡ ለየብቻ እንዲቆጠሩ ስለተፈቀደ ፓርቲው በመላ አገሪቱ 2.4 ከመቶ ብቻ አግኝቶ ገባ። በ1994 ያገኘው 4.4 ከመቶ ቢሆንም በምሥራቅ በርሊን አራት ክልሎችን በማሸነፉ 30 ወንበር ያዘ፤ በ2002 ግን ያሸነፈው ሁለት ክልል ብቻ ስለነበረ ሁለቱ ሴት እንደራሴዎቹ ያለ ምክር ቤት ቡድን ብቻቸውን ቀሩ። በእነዚያ ዓመታት የመረጠው ሰው አብዛኛው ማርክስን ብሎ አልነበረም። ፋብሪካው የተዘጋበት፣ የሥራ ልምዱ በአዲሱ ሥርዓት የተናቀበት፣ የጡረታው አቆጣጠር የተምታታበት ሰው ነበር የመረጠው፤ የፓርቲው የሠፈር ጽሕፈት ቤቶችም የኪራይና የጡረታ ቅጽ አብረው የሚሞሉ ነበሩ። በእኔ አስተያየት የዚህ ፓርቲ ትልቁ ሥራ፣ እርሱ ራሱ ባያቅደውም፣ ያን ሁሉ ቅሬታ በሕጋዊ ምርጫ ውስጥ ይዞ ማቆየቱ ነው።

ከዚያ በኋላ ፓርቲው ተለወጠ። የመራሔ መንግሥት ጌርሃርድ ሽሮደር የሥራ አጥነት ድጎማ ማሻሻያ ያስቆጣቸው የምዕራብ ጀርመን የሠራተኛ ማኅበር ሰዎችና የቀድሞው የሶሻል ዴሞክራቶች መሪ ኦስካር ላፎንቴን በ2007 ከምሥራቆቹ ጋር ተዋሕደው ዛሬ ዲ ሊንከ የሚባለውን የግራ ፓርቲ መሠረቱ፤ በ2009ም 11.9 ከመቶ አገኘ። በ2014 ቦዶ ራሜሎቭ የቱሪንገን ክፍለ ግዛት ጠቅላይ ሚኒስትር ሲሆኑ ፓርቲው ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ክፍለ ግዛት በበላይነት መራ፤ እርሳቸውም ቢሆኑ የምዕራብ ጀርመን ተወላጅ ናቸው። ነገር ግን የሚገዛ ፓርቲ የተቃውሞ ድምፅ ሆኖ ሊቀጥል አይችልም። በ2021 4.9 ከመቶ ብቻ ሲያገኝ ከምክር ቤት ከመውጣት ያዳኑት ሦስት የምርጫ ክልሎች ናቸው፤ አንዱም እርስዎ በሚኖሩበት በላይፕሲሽ የሚገኝ ነው። በፌብሩዋሪ 2025 ደግሞ 8.8 ከመቶ አግኝቶ በበርሊን ከሁሉም ቀደመ፤ ይህን ያደረጉለት በብዛት የከተማ ወጣቶች፣ ከእነርሱም ወጣት ሴቶች ሲሆኑ፣ አብዛኞቹ ግንቡ ሲፈርስ ገና አልተወለዱም። የግራ ፓርቲው በሕግ የድሮው ገዢ ፓርቲ ተከታይ መሆኑ አያከራክርም፤ ዛሬ ማን ለምን እንደሚመርጠው ግን ይህ የዘር ሐረግ እምብዛም አይነግረንም።

አማራጭ ለጀርመን የመጣው ፍጹም ከሌላ አቅጣጫ ነው። በ2013 መጀመሪያ፣ ጀርመን በዩሮ ቀውስ ውስጥ ለግሪክና ለሌሎች አገሮች የምታደርገውን ድጋፍ የተቃወሙ ምሁራንና የቀድሞ ክርስቲያን ዴሞክራቶች በምዕራብ ጀርመን፣ በፍራንክፈርት አቅራቢያ መሠረቱት፤ ዋነኛው ሰው የሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲ የኢኮኖሚክስ ፕሮፌሰር ቤርንድ ሉከ ነበሩ። በዚያው ዓመት በ4.7 ከመቶ ለጥቂት ሳይገባ ቀረ። በ2015 በኤሰን ጉባኤ ሉከ ተሸንፈው ሲወጡና በዚያው ዓመት ብዙ ስደተኞች ወደ ጀርመን ሲገቡ የፓርቲው ክብደት ከዩሮ ወደ ስደት ዞረ። በ2017 12.6 ከመቶ፣ በ2025 ደግሞ 20.8 ከመቶና 152 ወንበር አግኝቶ ሁለተኛው ትልቅ ፓርቲ ሆነ። ከሁለቱ ሊቃነ መናብርቱ አንዷ አሊስ ቫይደል የምዕራብ ጀርመን ሰው ናቸው፤ በቱሪንገን የሚመሩት ብዮርን ሆከም እንዲሁ። በ2017 አዲስ ድምፅ በብዛት ያገኘው ቀድሞ ከማይመርጡ ሰዎችና ከክርስቲያን ዴሞክራቶቹ ደጋፊዎች ሲሆን፣ ከግራ ፓርቲው የተሻገረለት ከእነዚህ ያነሰ ነው።

ታዲያ በምሥራቁ ለምን እንዲህ በረታ? በኮሚኒስት ሥርዓት ስላደጉ ነው የሚለው መልስ ግማሽ እውነት ቢኖረውም አሳሳች ነው። አራት ነገሮችን አንድ ላይ ማየት ይሻላል። ትሮይሃንድ የተባለው ድርጅት ወደ አራት ሚሊዮን ሠራተኞች የነበሯቸውን የመንግሥት ድርጅቶች ተረክቦ እስከ 1994 ሸጦና ዘግቶ ጨረሰ፤ በብዙ ቤት አባት ሥራ ያጣበት ያ ዘመን እስከ ዛሬ ይወራል። ወጣቱ፣ በተለይም የተማሩ ሴቶች፣ ወደ ምዕራብ ሄዱ፤ የቀሩት ከተሞች አረጁ። በምዕራቡ ለአሥርት ዓመታት ሰውን ከፓርቲ ጋር ያስተሳሰሩት የሠራተኛ ማኅበር፣ የቤተ ክርስቲያንና የቤተሰብ ልማድ በምሥራቁ ሥር ስላልሰደዱ መራጩ ከፓርቲ ወደ ፓርቲ በቀላሉ ይሻገራል። በመጨረሻም የግራ ፓርቲው ወደ መንግሥት ወንበር ሲጠጋ ለቆት የሄደውን የብሶት ቦታ ሌላው ያዘው። ከኮሚኒስቱ ሥርዓት የወረደ ነገር ካለ፣ ከቬትናምና ከሞዛምቢክ የመጡ ኮንትራት ሠራተኞችን ከሕዝቡ ነጥሎ በመኖሪያ ግቢ የመዝጋት ልማድ ነው፤ በ1991 በሆየርስቬርዳ፣ በ1992 በሮስቶክ ሊሽተንሃገን በውጭ ሰዎች መኖሪያ ላይ የደረሰው ጥቃት የዚህን ውጤት አሳይቷል። አማራጭ ለጀርመን ያኔ አልነበረም።

ይህ ሁሉ ሆኖ የምሥራቁ ታሪክ ብቻውን ነገሩን እንደማያስረዳ የሚያሳዩ ሁለት ማስረጃዎች አሉ። በመጀመሪያ፣ በምዕራቡ የሚኖረው ሕዝብ እጅግ ስለሚበልጥ ፓርቲው በቁጥር ከሚያገኘው ድምፅ የሚበዛው ከምዕራቡ ነው፤ በ2025 በድሮዋ የድንጋይ ከሰል ከተማ ጌልዘንኪርሸን በፓርቲ ድምፅ አንደኛ ወጥቷል። ሁለተኛውና ብርቱው ማስረጃ ደግሞ ዘመዶችዎ የሚኖሩባቸው አገሮች ናቸው፤ ኦስትሪያና ስዊዘርላንድ ኮሚኒስት መንግሥት አልነበራቸውም፣ ሕዝበኛው ቀኝ ግን በሁለቱም ከጀርመን ቀድሞ ኃያል ሆኗል።

የኦስትሪያው የነጻነት ፓርቲ በ1956 ሲመሠረት የመጀመሪያው መሪ አንቶን ራይንትሃለር የቀድሞ የናዚ ኤስኤስ መኮንን ነበሩ። ዮርግ ሃይደር በ1986 መሪነቱን ይዘው ወደ ሕዝበኛ ፓርቲ ለወጡት፤ በ1999 26.9 ከመቶ አግኝቶ በማግሥቱ ዓመት ወደ መንግሥት ሲገባ ሌሎቹ 14 የአውሮፓ ኅብረት አገሮች በኦስትሪያ ላይ ማዕቀብ ጣሉ፤ በወራት ውስጥም አነሡ። ከዚያ ወዲህ ፓርቲው ሁለት ጊዜ ተሰነጠቀ፣ በ2019 መሪው በድብቅ በተቀረጸ ቪዲዮ ወደቁ፣ ድምፁም ወደ 16 ከመቶ ወረደ፤ በሴፕቴምበር 2024 ግን በኸርበርት ኪክል መሪነት ወደ 29 ከመቶ ተጠግቶ ለመጀመሪያ ጊዜ አንደኛ ወጣ። ኪክል መንግሥት ለመመሥረት ያደረጉት ድርድር ሲከሽፍ በማርች 2025 ሦስት ሌሎች ፓርቲዎች ተጣምረው መንግሥት መሠረቱ። ሕዝበኛን ፓርቲ ወደ መንግሥት ማስገባት ያዳክመዋል የሚሉም፣ ማግለል ያዳክመዋል የሚሉም ይህን ታሪክ ይጠቅሳሉ፤ እኔ ግን ለሁለቱም የሚበቃ ማስረጃ አላየሁበትም።

ዘመዶችዎ በቪየና ኮሚኒስት ሲሉ የሚሰሙት ፓርቲ ደግሞ ከምሥራቅ ጀርመኑ ጋር በምንም አይመሳሰልም። የኦስትሪያ ኮሚኒስት ፓርቲ በ1918 የተመሠረተ፣ አገር ገዝቶ የማያውቅ፣ ከ1959 ወዲህም በፌዴራሉ ምክር ቤት ወንበር የሌለው ፓርቲ ነው። በግራዝ ከተማ ግን ለዓመታት በአንድ ጉዳይ ላይ ብቻ ተግቶ ሠራ፤ እርሱም የቤት ኪራይ ነው። ተመራጮቹ ከደመወዛቸው አብዛኛውን ለተቸገረ ሰው ይሰጣሉ፣ ተከራይን ከአከራይ ያስታርቃሉ፤ በ2021 28.8 ከመቶ አግኝተው ኤልከ ካር የከተማዋ ከንቲባ ሆኑ። በ2024 በመላ አገሪቱ ግን የ4 ከመቶውን ገደብ አላለፈም። ግራዝን ያየ ሰው ስሙ «ኮሚኒስት» የሆነ ፓርቲ ሁሉ ወደ ድሮው ሥርዓት ይመልሰናል ብሎ አይደመድምም፤ ስሙ ያለፈውን በደል ሁሉ ያነጻዋል ብሎም አይደመድምም።

የስዊሱ ሕዝብ ፓርቲ በ1971 ከገበሬዎችና ከእጅ ባለሙያዎች ፓርቲ የተወለደ ነው። ክሪስቶፍ ብሎከር የዙሪክን ቅርንጫፍ ይዘው ለወጡት፤ በ1992 ስዊዘርላንድ ወደ አውሮፓ ኢኮኖሚ ቀጠና እንዳትገባ በ50.3 ከመቶ ድምፅ የተወሰነው በእርሳቸው ዘመቻ ነው። የመስጊድ ሚናሬት እንዳይሠራ በ2009 በ57.5 ከመቶ የተወሰነውም የዚሁ ወገን ሥራ ነው። በ2023 ምርጫ 27.9 ከመቶ አግኝቶ አንደኛ የሆነው ይህ ፓርቲ ሰባት አባላት ባሉት የአገሪቱ ካቢኔ ሁለት ወንበር አለው። እንግዲህ አንዱ ዓይነት ፓርቲ በበርን ከመንግሥት አይወጣም፣ በቪየና አንዴ ይገባል አንዴ ይወጣል፣ በበርሊን ደግሞ ሌሎቹ ከእርሱ ጋር ላለመጣመር ተስማምተዋል። ዘመዶችዎ «እንዲሁ ነው» ማለታቸው በመፈክሩ ልክ ነው፤ በሥልጣኑ ግን ሦስቱ አገሮች አይገናኙም።

አሁን ወደ ሣራ ቫገንክኔሽት። እርሳቸው ከ1989 ጀምሮ የድሮው ገዢ ፓርቲ አባል ሆነው እስከ 2023 በወራሾቹ ውስጥ የቆዩ ስለሆኑ፣ በትውልድ ሐረግ ከታየ በጃንዋሪ 2024 የመሠረቱት ፓርቲ ከግራ ፓርቲው የተገነጠለ ልጅ ነው። የግራ መሆኑ በጡረታ፣ በደመወዝና በግብር ፖሊሲው ይታያል፤ በስደት ላይ ጥብቅ ገደብ ይጠይቃል፤ ለዩክሬን የጦር መሣሪያ መላክን ይቃወማል። ጥርጣሬዎ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ግራ መስሎ ቀኝ ሆነ ማለት አይደለም። በኢኮኖሚ ግራ፣ በስደትና በባህል ወግ አጥባቂ የሆነ መራጭ በጀርመን ብዙ ነው፤ እርሱን የሚወክል ፓርቲ ግን አልነበረም። በ2024 በቱሪንገን 15.8 ከመቶ አግኝቶ በክርስቲያን ዴሞክራት በሚመራ መንግሥት ውስጥ ገባ፤ በ2025 ግን በፌዴራሉ ምርጫ በ10,000 ገደማ ድምፅ ጎድሎት ከ5 ከመቶው ገደብ በታች ቀረ።

ሁለት ጥንቃቄዎች ልጨምር። ሕዝበኛ ማለት ጽንፈኛ ማለት አይደለም፤ ጽንፈኝነት በሕግ የሚመዘን ሌላ ጉዳይ ነው። ላይፕሲሽ ያለችበት የዛክሰን ክፍለ ግዛት የሕገ መንግሥት ጥበቃ መሥሪያ ቤት፣ ማለትም ጽንፈኞችን የሚከታተለው የስለላ ተቋም፣ የክፍለ ግዛቱን የአማራጭ ለጀርመን ቅርንጫፍ በ2023 የተረጋገጠ ቀኝ ጽንፈኛ ብሎታል፤ የፌዴራሉ መሥሪያ ቤት በሜይ 2025 መላውን ፓርቲ እንዲሁ ብሎ፣ ፓርቲው ሲከስ ፍርድ ቤት እስኪወስን ስያሜውን መጠቀሙን አቆመ። ይህ ፍረጃ ፓርቲውን አያግድም፤ ማገድ የሚችለው በካርልስሩኸ ያለው የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ብቻ ሲሆን፣ ያገደውም ሁለት ጊዜ ነው፤ በ1952 የናዚ ርዝራዦችን ፓርቲ፣ በ1956 ኮሚኒስት ፓርቲውን። ሌላው ጥንቃቄ ስለ መራጩ ነው። መጦሪያው ውስጥ የሚንከባከቧቸው አዛውንት ይህን ፓርቲ መረጡ ማለት የመሪዎቹን ንግግር ሁሉ ተቀበሉ ማለት አይደለም፤ መሪዎቹ ግን የጻፉት ፕሮግራም ሥልጣን ሲይዙ የሚፈጽሙት ነውና በመራጩ ደግነት ሊመዘኑ አይገባም።

በምን መዝኜ ልምረጥ ላሉት፣ ምክሬ የፓርቲውን የዘር ሐረግ ትተው አንድ ጥያቄ እንዲይዙ ነው፦ ይህ ፓርቲ ዜግነት በሕግ ያገኘን ሰው ከጀርመን ወላጆች ከተወለደው እኩል ዜጋ አድርጎ ይቀበላል ወይስ አይቀበልም? ይህን መመዘኛ ከራሴ አላመጣሁትም። የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ በ2017 በናዚው አቅጣጫ የሚሄደውን ብሔራዊ ዴሞክራቲክ ፓርቲ ሲመረምር፣ አቅሙ አነስተኛ ስለሆነ ባያግደውም፣ «ሕዝብ» የሚለውን በዘር የሚገድብ አስተሳሰብ የሰውን ክብር የሚጥስ መሆኑን በግልጽ ወስኗል። አማራጭ ለጀርመን በጃንዋሪ 2025 በሪዛ ጉባኤው «ሬሚግራሲዮን» (የውጭ ሰዎችን ወደ መጡበት መመለስ) የሚለውን ቃል በምርጫ ፕሮግራሙ አጽድቋል፤ ቃሉ እነማንን እንደሚነካ በፕሮግራሙ ውስጥ ራስዎ ያንብቡ፣ የአካባቢዎ እጩም በአደባባይ ምን ብሎ እንደሚፈታው ያዳምጡ። በዚህ ጥያቄ የሚወድቅ ፓርቲ ስለ ጡረታና ስለ ኪራይ ምንም ያህል መልካም ቢናገር ድምፅ ሊሰጡት አይገባም፤ በዚህ የሚያልፉትን ደግሞ በመጦሪያው ደመወዝ፣ በኪራይና በትምህርት ቤት ፖሊሲያቸው ያወዳድሩ።

በምርጫው ቀን ሁለት ድምፅ ይሰጥዎታል፤ ግራው ለክልልዎ እጩ፣ ቀኙ ለፓርቲ። የምክር ቤቱን ወንበር የሚያከፋፍለው የቀኙ ስለሆነ ፓርቲውን በደንብ ያስቡበት። ዜግነቱ እስኪመጣ፣ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ያለ ዜጋ በከተማ ምርጫ እንኳ አይመርጥም፤ የጀርመን የፓርቲዎች ሕግ ግን የውጭ ዜጋ የፓርቲ አባል እንዳይሆን አይከለክልም። በላይፕሲሽ የሚገኙት እንደራሴዎች ጽሕፈት ቤቶችም ነዋሪን ያነጋግራሉ፤ ይህን ጥያቄ ይዘው ከአሁኑ ሄደው ይጠይቋቸው።